በልግ ሲቀር መኸሩም ይጎዳል፦ የራያ ቆቦ ማሽላ በ2007/08 የምርት ዘመን

በታኅሣሥ 2008 መንግሥትና አጋሮቹ ያወጡት የሰብዓዊ ድጋፍ ሰነድ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። በጥር 2007 ቁጥሩ 2.9 ሚሊዮን ነበር። ነሐሴ ላይ 4.5 ሚሊዮን ሆነ፤ በጥቅምት 2008 ደግሞ 8.2 ሚሊዮን ደረሰ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የመኸር ቆጠራ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በቆጠራው መሠረት የአገሪቱ የሰብል ምርት ከ270 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ወደ 267 ሚሊዮን ገደማ ወረደ እንጂ ከዚያ ያለፈ ቅናሽ አላሳየም።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንዱ ስህተት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን የአገር አማካይ የጎጃምንና የወለጋን በቆሎ ከወሎ ቆላ ማሽላ ጋር ይደምራል። ምዕራቡ ሲያመርት ምሥራቁ ባዶውን የቀረበት ዓመት በድምር ላይ ደህና ዓመት ይመስላል። ስለዚህ 2007/08ን ለመረዳት ወደ አንድ ወረዳ ወርዶ፣ አንድ ሰብል ይዞ፣ ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋል። እዚህ የያዝነው ወረዳ ራያ ቆቦ ነው፤ ሰብሉ በዋናነት ማሽላ፣ ከእሱ ቀጥሎ ጤፍ።

ሜዳውና ዝናቡ

የቆቦ ሜዳ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በምዕራብ በኩል ወደ ላስታ የሚወጣው ገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይዘውታል። አፈሩ ከተራራ ታጥቦ የወረደ ጥልቅ ደለል ስለሆነ ውኃ ካገኘ የሚያበቅለው ብዙ ነው። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር መካከል ሲሆን በሁለት ወቅት ይመጣል፤ በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም።

ማሽላ ሙሉ ዕድሜውን ለመጨረስ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። በወረቀት ላይ የቆቦ ዝናብ ይበቃዋል። ችግሩ ይህ ዝናብ ሁሉ ሥር አይደርስም። በሐምሌና ነሐሴ የሚጥለው ኃይለኛ ዝናብ ሲሆን፣ ማሳው ካልተዘጋጀለት ጥሩ ድርሻው በጎርፍ ይሄዳል። በቆላው ሙቀት አየሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊያተን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሳምንት የጠፋ ዝናብ ከማሳ ላይ እስከ 35 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዕዳ ይተዋል። የዓመቱን ድምር ብቻ ይዞ ስለ ምርት መናገር ሰውን የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳይጨበጥ የ2007 ጉዳት አይገባም። በደጋው ወሎ በልግ ማለት ራሱን የቻለ ምርት ነው፤ ገብሱ በየካቲት ተዘርቶ በሰኔና ሐምሌ ይታጨዳል፤ በልጉ ካልዘነበ ያ ገብስ ጠፋ ማለት ነው። በቆላው ግን በልግ ብዙ ጊዜ የሚታጨድ ነገር የለውም። በቆላ በልግ የሚዘራው ማሽላ የሚታጨደው በኅዳር ስለሆነ በቆጠራ የሚመዘገበው በመኸር ሥር ነው። በዚህ ምክንያት «የበልግ ምርት ከአገሪቱ ምርት ትንሽ እጅ ነው» የሚለው አባባል በቆቦ ላይ ሲነገር ጉዳዩን ፈጽሞ ይስታል። የቆቦ መኸር ግማሽ ዕድሜው ያለው በበልግ ውስጥ ነው።

በ2007 የሆነው

የ2007 በልግ ዘግይቶ ገባ፤ ሲገባም ተቆራረጠ። በሰሜን ምሥራቅ አማራ፣ በደቡብ ትግራይ፣ በአፋርና በሐረርጌ ገበሬው በመጋቢትና በሚያዝያ ማሽላ የሚዘራበትን እርጥበት አላገኘም። በግንቦት በጣለው የዘሩም ሰኔ ሲደርቅ ቡቃያው ተቃጠለባቸው። ከዚያ ክረምቱ መግቢያውን አለፈ። በመደበኛ ዓመት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የሚገባው ዝናብ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ሳምንታት ዘገየ፤ ሐምሌ ደረቀ፤ የተሻለው ዝናብ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው።

ከጀርባ የነበረው ኤል ኒኞ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ ያለው ውኃ በ2008 መጀመሪያ ወራት ከአማካዩ ከ2 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ነበር፤ ከተመዘገቡት ኃይለኛ ኤል ኒኞዎች አንዱ ነው። ውቅያኖሱ እንዲህ ሲሞቅ በክረምት በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያለው የላይኛው የምሥራቅ ነፋስ ይዳከማል፤ እርጥበት ተሸካሚው የታችኛው ነፋስም ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገፋበት አቅም ያንሰዋል። በመጀመሪያ የሚጎዳው በዝናቡ መንገድ ጫፍ ላይ ያለው አካባቢ ነው፤ ቆቦ ያለው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ያው ኤል ኒኞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች የጥቅምትና የኅዳርን ዝናብ የማብዛት ዝንባሌ አለው። ስለዚህ «በኤል ኒኞ ዓመት ኢትዮጵያ ትደርቃለች» ብሎ በጅምላ መናገር ለቆቦ ገበሬም ለቦረና አርብቶ አደርም አይጠቅምም። በልጉን ደግሞ ከፓስፊክ ይበልጥ የሕንድ ውቅያኖስ ሁኔታ ይወስነዋል፤ በማዳጋስካር አካባቢ ማዕበሎች ሲበዙ እርጥበቱን ወደዚያ ይስቡታል። የ2007 ክፋት ሁለቱ ወቅቶች ተከታትለው መበላሸታቸው ነው።

ቀኑን በጣት ስንቆጥር

በቆቦ አካባቢ የታወቁት ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉት የማሽላ ዓይነቶች ረጅም ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ስድስት ወር ያልፋሉ። ለስሌት 200 ቀን እንበል። በሚያዝያ 15 የተዘራ ደጋሊት በጥቅምት መጨረሻ ይደርሳል። ሥሩን የሚሰደው በበልግ ነው፤ ቁመቱን የሚያወጣው በሐምሌ፣ ራሱን አውጥቶ የሚያብበው ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው። የፍሬ መሙላቱን ሥራ ደለሉ ውስጥ በተጠራቀመው እርጥበት ይጨርሳል። ገበሬው ይህን ዘር ለዘመናት የመረጠው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱን ዝናብ አንድ አድርጎ የሚጠቀም ዘር ነው።

በልጉ ቀርቶ ይኸው ዘር ሐምሌ 1 ቢዘራስ? በሂሳቡ እስከ ጥር አጋማሽ መሄድ ነበረበት። ብዙዎቹ የአገር ማሽላዎች የቀን ርዝመትን ስለሚከተሉ ቀኑ ሲያጥር ዕድሜያቸውን ጥቂት ያሳጥራሉ፤ ያም ሆኖ የሚያብቡት ዝናቡ ከወጣ በኋላ ነው። ማሽላ ድርቀትን በሁለት ጊዜያት አይታገስም፤ ራሱ በቅጠል እቅፍ ውስጥ ሳለና ሲያብብ። ከዚያ በፊት ድርቀት ሲመጣ እድገቱን አቁሞ፣ ቅጠሉን ጠቅልሎ ዝናብ ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲያገኝም ይቀጥላል። በሁለቱ ጊዜያት ከያዘው ግን ራሱ ከእቅፉ ሳይወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ይታሰራል። የወጣውም ራስ ጫፉ ነጭ ይሆናል፤ በጣት ሲጫኑት ገለባ ነው፣ ፍሬ የለውም። አገዳው ግን ቆሞ ይታያል። በመስከረም ከመንገድ ላይ ሲታይ «ማሽላው ጥሩ ነው» የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ወደ ማሳው ገብቶ ራሱን ያልዳሰሰ ገምጋሚ ይሳሳታል።

አጭር ዕድሜ ያላቸው ዝርያዎች ይህን ለመሸሽ የተሠሩ ናቸው። መልካም፣ ግራና-1፣ ተሻለ፣ ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ከ100 እስከ 120 ቀን ገደማ ይደርሳሉ። ሐምሌ 10 የተዘራ የ120 ቀን ዝርያ ግን በመስከረም አጋማሽ አብቦ በኅዳር መጀመሪያ ይደርሳል። ዝናቡ በመስከረም መጀመሪያ ከወጣ አበባው ድርቀት ላይ ወደቀ ማለት ነው። በ2007 ብዙ ቦታ ሐምሌ 10 እንኳ የሚያዘራ እርጥበት አልነበረም። ስለዚህ «ገበሬው አጭር ዕድሜ ዘር ቢጠቀም ኖሮ ይተርፍ ነበር» የሚለው ቀላል ፍርድ ልክ አይደለም፤ አጭሩ ዘርም ቀነ ገደብ አለው። በእኛ ግምት በቆቦ ሁኔታ የሚያዋጣው እስከ ሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ድረስ ሲዘራ ነው። ከዚያ ወዲያ የተዘራ ማሽላ ለእህል ሳይሆን ለመኖ እንደተዘራ መቁጠር ይሻላል።

ያኔ የሚቀረው ጤፍ ነው። ጸደይ የሚባለው ዝርያ በ85 ቀን ገደማ ይደርሳል። ሐምሌ 25 ቢዘራ፣ የዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች፣ በጥቅምት 14 ይደርሳል። ዝናቡ መስከረም 1 ቢያቆም ጤፉ ከ40 ቀን በላይ በአፈር ውስጥ ባለ ውኃ መኖር አለበት። በቀን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጠጣ 120 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የጤፍ ሥር ጥልቅ አይደለም፤ ውኃ በደንብ የሚይዝ አፈር በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ለተክል የሚያቀርበው 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ጠግቦ ከሆነ። 30 ሚሊ ሜትር ጎደለ። የሚጎድለው በፍሬ መሙያው ሳምንታት ስለሆነ ጤፉ ቀድሞ ይነጣል፣ ፍሬው ይሟሽሻል፤ ከአውድማ የሚገኘው ከእህሉ ይልቅ ጭዱ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ጤፍ መዝራት ዘርን መጣል ነው የምንለው ከዚህ ሂሳብ ተነሥተን ነው። በነሐሴ መጨረሻ ማሳው ርሶ ከሆነ፣ በተለይ በጥቁር አፈር ላይ፣ ሽምብራ የተሻለ ዕድል አለው። ሥሩ ወደ ታች እየተከተለ የሚጠጣ ሰብል ነው፤ ከዝናብ ይልቅ በቀሪ እርጥበት ማደግ ልማዱ ነው።

ዘር የሚያልቅበት መንገድ

በድርቅ ዓመት ትልቁ ኪሳራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በተሳሳተ የመጀመሪያ ዝናብ ነው። አንድ ቀን 15 ሚሊ ሜትር ይጥላል፤ ላዩ ይርሳል፤ ገበሬው ቀኑ እያለፈበት ነውና ይዘራል። ዘሩ ይበቅላል፤ ከዚያ አሥራ አምስት ቀን ፀሐይ ይሆናል። ቡቃያው ሲደርቅ ዳግመኛ ይዘራል። በመስመር ሲዘራ ማሽላ በሄክታር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ዘር ይበላል፣ በብተና ከዚያ በላይ። ሦስት ጊዜ የዘራ ሰው ከ30 ኪሎ በላይ የተመረጠ ዘር አፈር ውስጥ ቀብሯል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስቀምጠው አይኖረውም። የከፋው ደግሞ ሦስተኛው ዘር ከጎረቤት ወይም ከገበያ የተገኘ ስለሚሆን ዝርያው አይታወቅም።

የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ለመዝሪያ የሚጠቀሙበት መለኪያ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መጣሉና በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከሰባት እስከ አሥር ቀን የሚዘልቅ ደረቅ ጊዜ አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በዝናብ መለኪያ ይታወቃል፤ ሁለተኛው ትንበያ ይፈልጋል። መለኪያ የሌለው ሰው ማሳውን በአካፋ ይቆፍር። ደረቅ ደለል አንድ ሳንቲ ሜትር ለመርጠብ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝናብ ይፈልጋል፤ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያርሳል። ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የተነሣ አፈር በእጅ ሲጨመቅ ድቡልቡል ሆኖ ከያዘ፣ ሲጥሉት የማይፈርስ ከሆነ፣ መዝራት ይቻላል። እዚያ ጥልቀት ሳይደረስ አፈሩ ደርቆ ከተገኘ ዝናቡ የዘነበው ለአረም ነው።

ዘሩን ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ማቆየት፣ ጠዋት ላዩን አናፍሶ በዚያው ቀን መዝራት ብቅለቱን ያፋጥናል። ይህ የሚሠራው ግን በረጠበ አፈር ላይ ብቻ ነው። በደረቅ አፈር ላይ የተዘራ የተዘፈዘፈ ዘር ሊሞት ይችላል፤ ያልተዘፈዘፈው ግን ዝናብ እስኪመጣ ሊቆይ ይችላል።

እርጥበቱን ማሰር

ዝናብ ሲያንስ የሚቀረው ሥራ የወረደውን ማስቀረት ነው። ገበሬው ሽልሻሎውን ያውቃል፤ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በበሬ በመካከሉ እያረሱ አረሙን መንቀል፣ ቡቃያውን ማሳሳት፣ አፈሩን ወደ ግንዱ ማስጠጋት ነው። ሽልሻሎ የሚያወጣው ትልም ግን ክፍት ስለሆነ መሬቱ ትንሽ ቢያዘነብል ውኃውን እንደ ቦይ ያስወጣዋል። ትልሙን በየ5 እና 6 ሜትሩ በአፈር መዝጋት ነው የጎደለው። ድቡ፣ ማለትም በትልሞቹ መካከል የሚቆመው የአፈር ክምር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ቢኖረው፣ መዝጊያው ከድቡ ዝቅ ማለት አለበት፤ ያለበለዚያ ውኃው ሲበዛ ድቡን ሰብሮ ወደ ጎን ይወጣል፣ ከላይ ያለው አንድ ድብ ሲሰበር የታቹን ሁሉ እየደረመሰ ይሄዳል። ድቦቹ በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት በቁልቁለቱ አግድም ይሠራሉ፤ በድርቅ ዓመት ዘሩ የሚገባው በድቡ ላይ ሳይሆን በትልሙ ውስጥ ነው። በቆቦ፣ በመልካሳና በምሥራቅ ሐረርጌ የተሠሩ የመስክ ሙከራዎች ይህ አሠራር የማሽላን ምርት ከፍ እንደሚያደርግ ደጋግመው አሳይተዋል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ግን ውኃ የሚያቁር አፈር ላይ ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል፤ ያኔ መዝጊያዎቹን መክፈት ነው። ያልተስፋፋበት ዋና ምክንያት ጉልበት ነው፤ መዝጊያውን በእጅ መሥራት ከባድ ነው፣ ወቅቱም ሰው የሚወጠርበት ነው።

ማሳሳቱም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። በ75 በ15 ሳንቲ ሜትር በሄክታር 89,000 ገደማ ተክል ይቆማል፤ በ75 በ25 ደግሞ 53,000። ዝናቡ ዘግይቶ ከገባ ወደ ሁለተኛው መውረድ ያዋጣል፤ የተነቀለው ለከብት ይሆናል። አሳስቶ ማስቀረት ከብዙ ባዶ ራስ ይልቅ ጥቂት የሞላ ራስ ይሰጣል።

በማዳበሪያ በኩል በዚህ አካባቢ ለማሽላ የተለመደው ምክር 100 ኪሎ ዳፕና 50 ኪሎ ዩሪያ በሄክታር ነበር። ዩሪያውን በደረቅ አፈር ላይ መበተን ናይትሮጅኑን ለአየር መስጠት ነው። ሰብሉ ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ ርጥብ ከሆነና ወዲያው በሽልሻሎ ከተቀበረ ብቻ ይደረግ፤ ካልዘነበ ይቀመጥ። በብድር የተገዛ ማዳበሪያ የድርቁን ዕዳ እጥፍ ያደርገዋል፤ ገበሬው በድርቅ ዓመት ከማዳበሪያ መሸሹ ካለማወቅ አይደለም።

ከምዕራቡ ገደል የሚወርደው የጎሊናና የሆርማት ጎርፍ ሌላው ተስፋ ነው። ከመዝራት በፊት አንድ ጊዜ ጎርፉ በደንብ የተጠለፈለት ማሳ ወፍራም የእርጥበት ስንቅ ይይዛል። ይሁን እንጂ ደጋው ላይ ካልዘነበ ጎርፉም አይወርድም፤ ዘግይቶ በነሐሴ የሚመጣው ደግሞ ደለልና ጠጠር ተሸክሞ ቡቃያ ይቀብራል። የከርሰ ምድር ውኃ ያላቸው ማሳዎች ግን በአበባ ጊዜ አንዲት 50 ሚሊ ሜትር መስኖ ብዙ ታድናለች፤ ይህ በሄክታር 500 ሜትር ኩብ ነው፤ በሴኮንድ 40 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በሦስት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ጉድጓድ ባለበት አካባቢ ይህን ውኃ ከሽንኩርት ማሳ ለአንድ ቀን ነጥቆ ለሚያብብ ማሽላ መስጠት በየተራው ሰው መካከል አስቀድሞ ሊስማሙበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ገበሬው አጭሩን ዘር ለምን ይጠላዋል

የሚነገረው ምክንያት «ልማድ» ነው። የምናየው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አጭሩ ዝርያ ቁመቱ አጭር ነው፤ ከረጅሙ ደጋሊት የሚገኘውን አገዳ አይሰጥም። አገዳ የበሬው የበጋ መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ረጅሙን ዘርቶ አንድ ሰው ብቻ አጭሩን ቢዘራ በመስከረምና በጥቅምት የግሪሳ ወፍ የሚያገኘው ብቸኛ የደረሰ እህል የእሱ ነው፤ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይለቅመዋል። አጭር ዘር ሲዘራ አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ጎጥ በአንድነት መዝራት ያለበት ለዚህ ነው፤ የሰብል ጥበቃውም ያኔ ይከፋፈላል። በሌላ በኩል ጎብዬና አብሽር የማሽላን ሥር የሚጠባውን ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራን፣ የሚቋቋሙ መሆናቸው፣ ማሳው በአቀንጭራ ለተያዘ ሰው ከዕድሜያቸው ማጠር የበለጠ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢው ስላለ፣ ዝርያውን ማወቁ ችግር አይደለም። ችግሩ የሚፈለገው ዘር በሚፈለግበት ሳምንት አለመገኘቱ ነው። በልጉ መቅረቱ በሚያዝያ መጨረሻ ይታወቃል፤ የአጭር ዕድሜ ማሽላ መዝሪያ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ በመካከሉ ሁለት ወር አለ። በእነዚህ ሁለት ወራት ዘሩ ወረዳ መጋዘን ካልገባ፣ ነሐሴ ላይ የሚደርስ የማሽላ ዘር ለምግብ ከመዋል በቀር ጥቅም የለውም።

በ2008 በልግ በብዙ ቦታዎች ዝናቡ ሲመለስ፣ በሚያዝያና በግንቦትም በአንዳንድ አካባቢዎች ጎርፍ እስከማስከተል ሲበረታ፣ እርጥበት እያለ ዘር ያጣው ገበሬ ብዙ ነበር፤ የተቀመጠው ተበልቷል ወይም በ2007 በተደጋጋሚ ተዘርቶ አልቋል። አስቸኳይ የዘር ድጋፍ የተካሄደው ለዚህ ነው። በቤት ደረጃ የሚሆነው መላ ለእያንዳንዱ የማሽላ ሄክታር ከሚያስፈልገው 12 ኪሎ በላይ ሌላ 12 ኪሎ ረጅም ዕድሜ ዘር፣ ከእሱም ጋር ተመጣጣኝ አጭር ዕድሜ ዘር፣ ከማሽላው ራስ መርጦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ከእህሉ ጎተራ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ነቀዝ እንዳይገባበት አየር የማያስገባ ከረጢት ወይም አፉ የሚከደን ፕላስቲክ በርሜል ይሻላል፤ ከመዝራት በፊት ደግሞ 100 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ መፈተን ነው፤ ከ85 በታች ከበቀለ የዘሩን መጠን በዚያው ልክ መጨመር ያስፈልጋል።